የእርቅ ዶሮ

ስንዱ ቤት ዶሮ ከተሠራ እህቷ ከባሏ ተጣልታለች ማለት ነበር። እኔ ነጂባ፣ በዚያው ቤት ሁለተኛዋን ክፍል የተከራየሁት፣ ይህን ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሽንኩርቱ ገና በጠዋት መቁላላት ሲጀምር “ደግሞ መጣች?” እላለሁ። ስንዱ ማማሰያዋን ሳታቆም “መጣች” ትለኛለች። ስድብ እስከ ጥርሴ ይመጣል፤ ግን ኩሽናው የጋራ ነውና መልሼ እውጠዋለሁ።

ቤታችን ጆሃንስበርግ፣ ሂልብሮው ነው፤ ሰባተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ ከሞተ ዓመታት ያለፉት ሕንፃ ላይ። ስንዱ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ማርያምን ሳትጠራ ክር በመርፌ አታስገባም። እኔ ደግሞ የስልጤ ልጅ፣ ሙስሊም ነኝ። እሷ የእኔን እርድ አትበላም፣ እኔም የእሷን አልበላም። የሥጋ ድስታችን ለየብቻ ነው፤ ሽሮና ምስሩን ግን ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። ስለዚህ ከዚያ ሁሉ የእርቅ ዶሮ አንዲት ብልት ያልቀመስኩ፣ በወጥ አፌ ያልተለጎመ ምስክር ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ።

ስንዱ ጂፒ መንገድ ላይ፣ የሐበሻ ሱቅ በሞላው ሕንፃ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። የትምህርት ቤት ዩኒፎርምም ሆነ የሠርግ ቀሚስ፣ የመጣላትን ሁሉ ትሰፋለች። እኔ ከሥር ሻርፕ እሸጣለሁ። ስንዱ አጭር ናት፤ ጥርሰ ፍንጭት፤ መርፌ በከንፈሯ ይዛ መሳቅ የምትችል ሴት ከእሷ ሌላ አላየሁም። ዙሉ ደንበኞቿ “ሳውቦና ሲሲ” ብለው ሰላምታ እየሰጡ ሲገቡ ስለ ልጆቻቸው ጤና ሳትጠይቅ ሜትሯን አታነሳም። ሰው ሁሉ ይወዳታል፤ ችግሯም እሱ ነው። የሚወዳት ሁሉ ሸክሙን እሷ ላይ አራግፎ ይሄዳል።

ታናሽ እህቷን ፀገነትን ወደ ጆሃንስበርግ ያስመጣቻት ስንዱ ናት። እናታቸው ስትሞት “ፀጊን አደራ” ብላለች። አደራው ከየት ጀምሮ የት ድረስ እንደሆነ ግን አልተናገረችም፤ ሟች እንዲህ ያለውን አያብራራም። ፀገነት እዚህ በመጣች በዓመቷ ራጉኤልን አገባች። ራጉኤል ከከተማው ዳር፣ ቮስሎሩስ ውስጥ ስፓዛ አለው፤ ዳቦና ሳሙና፣ የስልክ ካርድና ስኳር የሚሸጥባት የሰፈር ሱቅ። ሳይጠጣ ብታዩት ልጃችሁን ትድሩለታላችሁ። ሲጠጣ ግን ቀናት ይጠፋል፤ እሷ ብቻዋን ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ቆማ ትውላለች። ሲመለስ ደግሞ “ማን ነበር የገባው?” እያለ አፉን ይከፍትባታል። እጁን አያነሳም። አንስቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ወሬ ሌላ ወሬ ይሆን ነበር፤ እኔም በዘነዘና ነበር የምገባበት።

እንግዲህ በእኛ አገር ደንብ ሴት ስታኮርፍ ወደ ዘመዶቿ ትሄዳለች። ባል ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌው ቁጭ ብሎ የሚለምነው ዘመድን ነው፤ እሷ ጓዳ ናት። ዘመድ ትንሽ ይቆጣል፣ ትንሽ ይለመናል፣ “እንግዲህ ስለ እናንተ ብዬ” ይላል፣ ይበላል፣ ይመረቃል፣ ሴትየዋ ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች። እዚህ አገር ፀገነት ያላት ዘመድ ስንዱ ብቻ ናት። ስለዚህ አኩርፋ የምትመጣው ስንዱ ዘንድ፣ ሽማግሌ የሚለምነው ስንዱን፣ “እሺ ትመለሳለች” የምትለው ስንዱ፣ ዶሮውን የምትሠራውም ስንዱ። ፀገነት ራሷ “እመለሳለሁ” ብላ አታውቅም። “አልመለስም” ብላም አታውቅም። የጠየቃት የለማ!

ከሁሉ የሚያስቀኝ ጋሽ አለማየሁ ናቸው፤ የሽማግሌዎቹ አለቃ። ሴት አታርድምና ዶሮውን የሚያርደው ክርስቲያን ወንድ ያስፈልጋል። ስንዱ ከእግረኛ መንገዱ ላይ ከሽቦ ሳጥን ውስጥ ከሚሸጡት፣ የዚህ አገር ሰው ሃርድቦዲ ከሚላቸው ሥጋቸው ከጠነከረ ዶሮዎች አንዱን ገዝታ በጠዋት ለጋሽ አለማየሁ ትደውላለች። ይመጣሉ፣ ሻወር ቤት ውስጥ ባርከው ያርዳሉ፣ እጃቸውን ታጥበው ይወርዳሉ። ከሰዓት በኋላ ያንኑ ደረጃ በካፖርት ከሁለት ሰዎች ጋር ይወጡና “ቤቶች! እንግዳ ትቀበላላችሁ?” ይላሉ፤ ቤቱን ገና ዛሬ ያገኙት ይመስል። እኔ ክፍሌ ገብቼ ትራስ ነክሼ እስቃለሁ።

ከዚያ ኮሮና መጣ። በማርች 2020 መንግሥት አገሩን ሲዘጋ መጠጥ መሸጥንም ከለከለ። ራጉኤል በአንድ ቀን ጻድቅ ሆነ። ፀገነት በየቀኑ እየደወለች “እትዬ፣ ሱቁን ቀለም ቀባው! እትዬ፣ ዛሬ ምሳ ሠራልኝ!” ትላለች። ስንዱ “ተመስገን፣ ተለወጠ” አለች። እኔ “መጠጥ መሸጫው ነው የተለወጠው” አልኳት፤ ተቀየመችኝ።

ጁን ላይ መጠጥ መሸጫዎች ሲከፈቱ ብዙም ሳይቆይ ሽንኩርት መቁላላት ተጀመረ። ፀገነት መጣች፣ ሽማግሌ መጣ፣ ዶሮ ተበላ፣ ተመለሰች። መንግሥት ጁላይ ላይ እንደገና ከለከለ። አሁን ግን ራጉኤል ከጎረቤት አናናስ መጥመቅ ተምሮ ስለነበር ጽድቁ እንደ መጀመሪያው አልጸናም። ኦገስት ላይ እንደገና ተከፈተ፤ እንደገና ሽንኩርት፣ እንደገና ዶሮ፣ እንደገና የጋሽ አለማየሁ ካፖርት። ሌላው ሰው የሎክዳውኑን ደረጃ ከዜና ሲሰማ እኔ ከኩሽናችን ሽታ እሰማው ነበር።

መምጣቷ እንኳ ይሻል ነበር። የባሰው ስልኩ ነው። ፀገነት ቤቷ ሆና ትደውላለች፤ ጠዋት “ራጉኤል ገና አልመጣም”፣ ቀትር ላይ “መጣ ግን ሰክሯል”፣ ማታ “ተኝቷል፣ ምን ላድርግ?” ስንዱ ለራጉኤል ትደውላለች፣ ትለምነዋለች፤ መልሳ ለእህቷ ትደውላለች፣ ታጽናናታለች። ስትጨርስ ፊቷ እንደ ተጨመቀ ሎሚ ይሆናል። ፀገነት ግን ተንፍሳ ስለጨረሰች ሳቋ ይሰማል። እኔ ይህን ሳይ እበግናለሁ። “ስንዱ፣ እሷ እኮ የሚያማትን አንቺ ላይ ስትደፋው ለሌላ ሳምንት መቻያ ታገኛለች” ብላት “እህቴ ናት ነጂ፣ አደራዬ ናት” ትለኛለች። ምን ይባላል?

ጥቅምት ውስጥ ነው። ጭምብል የሚፈለግበት፣ ስንዱ በሕይወቷ አግኝታው የማታውቀው ሥራ የጎረፈበት ሰሞን። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል አጣብቃ፣ “አይዞሽ ፀጊ፣ አናግረዋለሁ” እያለች በስፌት መኪናው ላይ ስትሰፋ መርፌው ጠቋሚ ጣቷን ከጥፍሩ በላይ ገብቶ ከታች ወጣ። ጩኸቷን ከሥር ሆኜ ሰማሁ። ስወጣ አንድ እጇ መኪናው ላይ ተሰፍቶ፣ በሌላው ስልኩን ይዛ ቁጭ ብላለች። ከስልኩ ውስጥ ፀገነት እያወራች ነው። ስንዱ “ሰዓሊ ለነ!” ብላ የጮኸችውን አልሰማችም፤ “ከዚያ ደግሞ ምን አለኝ መሰለሽ” እያለች ነው።

ስልኩን ቀምቼ ዘጋሁት። የመኪናውን መዘውር በእጄ አዙሬ መርፌውን አወጣሁት። ክሊኒክ ወስጄ አሰፋኋት። በታክሲ ስንመለስ ስንዱ አላለቀሰችም። ጣቷን እንደ ሻማ ሽቅብ ይዛ በመስኮት ስታይ ቆየችና፣ “ነጂ፣ እኔ እኮ እየሰፋሁ ያለሁት ጭምብል አልነበረም” አለችኝ። “የሰው ትዳር ነው የምጥፈው። በአንድ በኩል ስጥፈው በሌላ በኩል ይተረተራል። ይህ የእኔ ጨርቅ አይደለም።”

ቁስሉ አመርቅዞ ለብዙ ጊዜ አልሠራችም። ያ ሁሉ ጭምብል ለሌላ ሰፊ ሄደ። ቤት ተቀምጣ ስታስብ ሰነበተች፤ ስታስብ ደግሞ ምጥ የያዛት ትመስላለች። ፈርታ ነበር። “ይብቃኝ ካልኳት ታኮርፈኛለች፤ ካኮረፈችኝ አጣታለሁ፤ ለእናቴ ምን እላታለሁ?” ትላለች። እኔም “ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው” አልኳት። አፌ ሁልጊዜ ከልቤ ቀድሞ ነው የሚሮጠው።

ህዳር ላይ ፀገነት ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ስንዱ አቀፈቻት፣ አልጋ ላይ አዲስ አንሶላ አነጠፈችላት፣ ሻይ ሰጠቻት። ፀገነት ጫማዋን ሳታወልቅ “ራጉኤል ምን እንዳደረገኝ…” ብላ ስትጀምር ስንዱ በጨርቅ የተጠመጠመ ጣቷን አንስታ አስቆመቻት።

“ፀጊዬ፣ አልጋሽ ይኸው። የፈለግሽውን ያህል ተቀመጪ፤ ዓመትም ይሁን። ራጉኤል እንዲህ አለ፣ ራጉኤል እንዲያ አደረገ የሚለውን ግን ከእንግዲህ አልሰማም። ለእሱም አልደውልም። አንቺ ምን ልታደርጊ እንዳሰብሽ ስትነግሪኝ ቀኑን ሙሉ እሰማሻለሁ።”

ፀገነት እኔን አየችኝ፤ መካሪዋ እኔ የሆንኩ መስሏት። እኔ የሚታጠብ ብርጭቆ ፈለግሁ።

እሑድ ዕለት ሽንኩርት አልተቁላላም። ጋሽ አለማየሁንም በጠዋት የጠራቸው የለም። ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ሽማግሌዎች ሰባት ፎቅ ወጥተው እያለከለኩ፣ ጭምብላቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው ገቡ። ጋሽ አለማየሁ ገና ሳይቀመጡ አፍንጫቸው ወደ ኩሽና ዞረ። ሻይና ዳቦ አቀረብኩ። ዳቦውን አይተው እኔን አዩኝ፤ ዓይኔን ወደ ጣሪያ ሰቀልኩ።

“ያው እንደምታውቂው ልጄ” አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፤ “ራጉኤል ተጸጽቷል። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል። አጥፍቷል፤ ካስ ብንለውም ይክሳል። እናቷም አባቷም አንቺ ነሽና፣ ልጃችንን እንድትሰጪን ነው የመጣነው።”

“ጋሽ አለማየሁ፣ ስለ እህቴ ብላችሁ ይህን ደረጃ ስለወጣችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ” አለች ስንዱ። “ዛሬ ግን የምሰጠው የለኝም። ፀገነት የራሷ አፍ አላት። ልሂድ ካለች በሩ ያው። ልቅር ካለች አልጋው ያው። እሷን ጠይቋት።”

“ደንቡ እንዲህ አይደለም” አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ።

“ደንቡን አላፈረስኩም አባቴ። ሽማግሌ ቤቴ ገብቷል፣ ወንበር አግኝቷል። ቃሉ ግን የእሷ ነው። ፀጊ! ነይ ውጪ።”

ፀገነት ከጓዳ ወጣች። ዓይኗ አብጧል። መጀመሪያ ያየችው እህቷን ነው፤ እንደ ልማዱ መልሺልኝ በሚል ዓይን። ስንዱ የታመመ ጣቷን በጤነኛ እጇ ሸፍና ወለሉን ታያለች። ሦስተኛው ሽማግሌ ዳቦ ያላምጣሉ። ላቅፋት ፈለግሁ፤ ላንቃትም ፈለግሁ።

“እሄዳለሁ” አለች ፀገነት።

በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! በልቤ ነው ያልኩት፤ ትሪው ግን ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። ስንዱ ሻንጣዋን አንስታ እስከ በሩ ይዛላት ሄደች። በሩ ላይ ፀገነት ነጠቀቻት።

“ሸኘሁሽ እንዳትይ፤ ገፍተሽኛል። እማዬ ብትኖር እንዲህ አታደርገኝም ነበር። ከዛሬ ጀምሮ እህት አለኝ አትበይ።”

“አለችኝ” አለች ስንዱ። “አልጋሽ አይነሳም።”

ደረጃውን ሲወርዱ ኮቴያቸው እስኪጠፋ ቆማ ሰማች። ከዚያ ገብታ የሻይ ብርጭቆዎቹን በአንድ እጇ አጠበች። ያኔ ነው ያለቀሰችው።

ሳምንቱ ሳያልቅ ወሬው ጂፒን አዳረሰ። “ስንዱ ከራስ በላይ ነፋስ አለች”፣ “የእናቷን አደራ በላች” ተባለ። ስታልፍ ከንፈር የሚመጥ በዛ። ስንዱ እሑድ እሑድ ለእህቷ ትደውላለች፤ ፀገነት አታነሳም። አንድ እሑድ ስንዱ ጫማዋን አጥልቃ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ ቮስሎሩስ ልትሄድ በሩ ላይ ቆመች። ያን ሁሉ ስመክር የነበርኩት እኔም አላስችል ብሎኝ “በቃ ሂጂ! ይቅርታ በያት!” ብዬ ጮህኩ። ስንዱ ዞር ብላ አየችኝና ጫማዋን አወለቀች። “አንቺም ሽማግሌ ሆንሽ?” አለችኝ። ሳንፈልግ ሳቅን።

ጃንዋሪ ላይ ሁለተኛው የኮሮና ማዕበል ሲመጣ ፀገነት ታመመች። ስንዱ ሥራ ላይ እያለች ነው ሰው የነገራት። የስፌት መኪናዋን ዘግታ ወጣች። አጥሚት ሠራች፣ በፔርሙዝ ሞላች፣ ሁለት ጭምብል ደርባ አጠለቀች። እኔም አብሬያት በሚኒባስ ታክሲ ቮስሎሩስ ሄድኩ። መጠጥ እንደገና የተከለከለበት ሰሞን ስለነበር ራጉኤል ጢሙን ተላጭቶ ከፍርግርጉ ጀርባ ቆሟል። ስንዱን ሲያይ እንባው መጣ።

“እትዬ፣ እንኳን መጣሽ። ሐኪሙ እዚሁ ቤት ተኝታ ትዳን ብሏል። ግን እትዬ፣ አንቺ ብታናግሪያት… እኔ እኮ ከእንግዲህ…”

“ራጉኤል” አለችው ስንዱ፣ ፔርሙዙን በፍርግርጉ ቀዳዳ እያሳለፈች፤ “አጥሚቱ ትኩስ ነው። አስገባላት።”

ሱቁን በጎን ዞራ በጓሮ በኩል ካለችው ትንሽ መስኮት ሥር ሄደችና “ፀጊ! እኔ ነኝ!” ብላ ተጣራች። ከውስጥ ሳል ተሰማ። ከዚያ መጋረጃው ትንሽ ገለጥ አለ። ስንዱ ፀሐይ ላይ ቆማ እጇን አወዛወዘች፤ ከመጋረጃው ጀርባም እጅ ተወዛወዘ። እኔ የሰው ግድግዳ ተደግፌ አነባሁ፤ ለማንም አልናገርም ብዬ ነበር፣ ይኸው ተናገርኩ።

እስክትድን ድረስ አጥሚቱ አልተቋረጠም። ለታመመ ሰው የሚደረገውን ሁሉ አደረገች፤ ለትዳሩ የሚደረግ ግን ምንም አላደረገችም። ፌብርዋሪ ላይ አንድ እሑድ ስልኩ ጠራ። ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር ሰማሁ።

“አጥሚቱ ጨው አንሶት ነበር” አለች ፀገነት።

“ምላስሽ ነው እንጂ ያልቀመሰው፣ ጨው ነበረው” አለች ስንዱ። እንዲህ ታረቁ። ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ዶሮ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ያወራሉ። ፀገነት አንዳንዴ ይረሳትና “ራጉኤል ደግሞ ትናንት…” ትላለች። ስንዱ ሳትቆጣ “አንቺስ ምን አደረግሽ?” ትላታለች። እየቆየ ፀገነት መልስ አገኘች፤ ከጎረቤቷ ድንቅነሽ ጋር ፀጉር መሥራት እየተማረች እንደሆነ፣ ሹሩባው ላይ እጇ እንደፈጠነ። ስንዱም የምታወራው አገኘች። እንጀራ ፍለጋ ከመጣች ጀምሮ ለራሷ አንድ ልብስ ሰፍታ አታውቅም ነበር፤ በዚያ ሰሞን ለራሷ ቢጫ ቀሚስ ሰፋች። ለብሳው ጂፒን ስታቋርጥ ከንፈር መጣጮቹ ጨርቁን ከየት እንዳገኘችው ይጠይቋት ጀመር። ጋሽ አለማየሁም ሱሪ ሊያሳጥሩ መጥተው፣ ሜትሩ እግራቸው ላይ እያለ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ለመሆኑ ዶሮው ጭራሽ ቀረ?” አሏት። መርፌ በከንፈሯ ይዛ ስትስቅ ከሥር ሰማኋት። ከዚያ ጥቅምት ወዲህ እንዲያ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።

በዚያ ዓመት የእሷ ሁዳዴና የእኔ ረመዳን ተገጣጥመው ነበር። ፋሲካዋም ዒዴም በየተራ አለፉ፤ ቀጥሎ በመጣው እሑድ በሩ ተንኳኳ። ፀገነት ናት፤ ሻንጣ የላትም፤ አንድ ፌስታል ይዛለች። ስንዱ ፌስታሉን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ምን እንዳሰበች አውቃለሁ፤ እኔም ያንኑ አሰብኩ። ዶሮ። ሽማግሌ ከኋላ አለ። እንደገና ሊጀመር ነው።

“ፀጊ፣ ተነጋግረን ነበር እኮ” አለች ስንዱ በቀስታ።

“አውቃለሁ” አለች ፀገነት። ቀጥ ብላ ኩሽና ገብታ ፌስታሉን ማጠቢያው ላይ ዘረገፈችው። ዓሣ ነው። ሁለት ትልልቅ ዓሣ። እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ቢላዋ አነሳች፣ ቅርፊቱን መፋቅ ጀመረች። እስከዚያ ቀን በዚህ ኩሽና እንግዳ ነበረች፤ ቢላዋ ስታነሳ አይቻት አላውቅም።

“ለሽማግሌ ዓሣ አይቀርብም” አለች ጀርባዋን እንደሰጠችን። “ነጂባ ይህን ሁሉ ጊዜ እዚሁ ኩሽና ውስጥ ሆና ከእኔ እርቅ አንድ ጉርሻ ሳትቀምስ መኖሯን ታምሜ ተኝቼ ነው ያሰብኩት። ዓሣ ደግሞ አራጅ አይፈልግም፤ ሦስታችንም እንበላዋለን።”

እኔ፣ አፌ የማያርፈው፣ ሁለተኛ ቢላዋ ፍለጋ መሳቢያውን ከፈትኩ።

ራጉኤል ተለወጠ ብዬ አልዋሽም፤ ያን እሑድም የት እንደነበረ አልጠየቅናትም፣ አልነገረችንም። ማታ ወደዚያው ቤት እንደምትመለስ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ስንዱ ቢጫ ቀሚሷ ላይ ሽርጥ አስራ፣ የዳነ ጣቷን ዘርግታ ሎሚ ጨመቀች። ዓሣው ሲጠበስ ዘይቱ እየተፈናጠረ ሦስታችንንም አቃጠለን። ከአንድ ትሪ በላን። ስንዱ የመጀመሪያውን ጉርሻ አጥንቱን ለቅማ ለእህቷ ልታጎርስ ስትዘረጋ ፀገነት አፏን አልከፈተችም፤ እጇን ይዛ ወደ ስንዱ አፍ መለሰችው።

“ብዪ እትዬ” አለች። “ይህ ያንቺ ነው።”